ለነገ የተተወች ሲጢጥታ

የልጄን ባል ሰፈሩ ሁሉ "ዶክተር" ይለዋል። ድንቄም ዶክተር! ሕመምተኞቹ ፒያኖዎች ናቸው። አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው የሐኪም ማዳመጫ ደግሞ ክሊኒክ የምትሠራው ልጄ አርጅቶባት የጣለችው ነው፤ አንደኛው ጆሮው ከተደፈነ ቆይቷል። እሱ ግን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ በሰፈሩ መሀል ሲያልፍ ያየው ሰው ቀዶ ጥገና ሊያደርግ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ሰዉም አጎንብሶ ሰላም ይለዋል። እኔ በመስኮት ሆኜ አያለሁ።

ክፉ ሰው ነው አልልም። አይጠጣም፣ ልጄን ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም፣ እኔንም ቢሆን ስገባ "እማማ" ብሎ ከመቀመጫው ብድግ ይልልኛል። ግን ሰው ክፉ ሳይሆንም ያናድዳል። አንድ ነገር ጀምሮ ሲጨርስ አይቼው አላውቅም። የመታጠቢያ ቤታችንን በር ጠገንኩ ይላል፤ በሩ ሲከፈት ዝም ይላል፣ ሲዘጋ ሲጢጥ ይላል። "ግማሹን ሠርቼዋለሁ እኮ፣ እማማ" ይለኛል፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ድሮ የቤት ዕቃ ቫርኒሽ ቀቢ ነበር። አንድ ሽማግሌ ፒያኖ ጠጋኝ ለሥራ ጠርቶት፣ ወሬው ጣፍጦለት፣ በዚያው አስቀረው። ሽማግሌው ምን አስተማረው? ፒያኖ መቃኘት አስተማረው፣ እሺ። የተበላ ቆዳ መቀየር፣ የላላ ሞላ ማጥበቅ አስተማረው፣ እሱንም እሺ። ከሁሉ በላይ ግን "ለነገ ድምፅ ተው" የሚባል ነገር አስተማረው። ይኸውም፣ ፒያኖ ጠግነህ ስትወጣ አንዲት ትንሽ ነገር ሳትጨርስ ተው፣ አንዲት ሲጢጥታ፣ አንዲት ርግብግብታ፣ መልሰው እንዲጠሩህ ማለት ነው። የሰው ልጅ ስንት ጥበብ ይወርሳል፣ የኔው ጉድ ይሄን ወረሰ።

እኔ ይሄን ሁሉ ከየት አወቅኩ? ከእግሬ። የፒያኖ ፔዳል ሲጮህ ብቻህን መርምረህ አታገኘውም። አንድ ሰው ላይ ተቀምጦ ይረግጣል፣ አንድ ሰው ከሥር ተኝቶ ያዳምጣል። ልጄ ሥራ ላይ ናት፣ ሌላ ሰው ይዞ እንዳይሄድ ምስጢሩ ይወጣበታል። ስለዚህ ማንን ይዞ ይሄዳል? አማቱን! "መቀመጥ ብቻ እኮ ነው፣ እማማ፣ ይናፈሳሉ" ብሎ አታለለኝ። ይኸው በስተርጅና፣ በዚህ በሚያብጥ ጉልበቴ፣ ትልቅ ፒያኖ ፊት በርጩማ ላይ ተጎልቼ የሰው ጫማ ጫፍ እያየሁ እታዘዛለሁ።

"ይርገጡ፣ እማማ!"

እረግጣለሁ።

"ይልቀቁ!"

እለቃለሁ። በአክብሮት መታዘዝ ይሏል እንዲህ ነው።

ነገሩ እንዳይጠፋባችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ፔዳሎቹ መሬት ላይ የበቀሉ አይደሉም፤ በብሎን ከፒያኖው ሆድ ሥር ከታሰረ የእንጨት ማንጠልጠያ ላይ ነው የተሰኩት። የቀኙን ስትረግጠው አንድ ቀጭን ዘንግ ወደ ላይ ይገፋል፣ ዘንጉ ሆዱ ሥር ያለውን ማንሻ ያነሳል፣ ማንሻው ደግሞ ከላይ የብረት ጅማቶቹን የሚያፍኑትን ማፈኛዎች ሁሉ ከፍ ያደርጋቸዋል፣ ድምፁም ይለቀቃል። ሲጢጥታዋ ከእነዚህ ከየትኛውም ልትመጣ ትችላለች።

ምስጢሩን የደረስኩበት የልጅ ልጄ በምትማርበት የሙዚቃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ሲጢጥታዋ በዘንጉና በማንሻው መካከል ካለች ቆዳ ነበር የምትመጣው፤ ቆዳዋ ተበልታለች። አዲስ ቆረጠ፣ አስገባ፣ ረገጥኩ፣ ፀጥ። ተመስገን ብዬ ልነሳ ስል፣ "ይቀመጡ፣ እማማ" አለና አዲሷን ቆዳ አውጥቶ አሮጌዋን ገልብጦ መለሳት።

"ይርገጡ።"

ሲጢጥ። ቀጭን፣ ትንኝ የምታክል።

"ጨርሰናል" አለ።

"ምኑን ነው የጨረስከው? ይጮሃል እኮ!"

"ትንሽ ናት። ለሚመጣው ጊዜ።" ከሥር ወጥቶ አቧራውን እያራገፈ ሳቀ። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል አልሰሙም፣ እማማ?"

"አንተን ማን ሾመህ?" አልኩት። "ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው። እሱን ሰምተሃል?"

ቦርሳውን ዘጋ። ለልጄ ነገርኳት። "እማዬ፣ ተይው እባክሽ፣ እኔ ስንቱን ልቻል" ብላ ፊቷን አዞረች። ባሏ ሆኖባት።

ሌላም ጉድ ነበረው። ቆዳዋን ለመለወጥ ማንጠልጠያውን መንካት እንኳ አያስፈልግም፤ እጅ ሰደድ አድርጎ ማውጣት ነው። እሱ ግን በተጠራ ቁጥር ብሎኖቹን ፈትቶ፣ ማንጠልጠያውን ከነፔዳሎቹ አውርዶ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ያስተኛዋል። ብሎኖቹን በሰልፍ ይደረድራል። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ብቅ ስትል ልቧ ስንጥቅ ይላል። "ይድናል፣ ዶክተር?" ትላለች። እሱም ግንባሩን ቋጥሮ፣ "እንሞክራለን። የአየሩ ርጥበት ነው" ይላል። ርጥበት! ዝናብ ከጠፋ በከረመበት ወቅት እንኳ ርጥበት ነው።

"ለምንድን ነው ሁሉን የምትፈታው?" ብለው፣ "ቀላል ከመሰለ ማን ያከብረኛል?" አለኝ።

እንግዲህ የልጅ ልጄን ነገር ልንገራችሁ። ቀጭን ናት፣ ቃል ከአፏ በልመና ነው የሚወጣ። ቤታችን ፒያኖ የለም። የፒያኖ ጠጋኝ ቤት ነው እኮ! አባቷ ሁሌም "ከሰበሰብኩት ዕቃ አንድ እገጥምልሻለሁ" እንዳለ ነው፤ ጀምሮታል፣ መደርደሪያ ሥር ተበትኖ ተኝቷል። ስለዚህ ልጅቷ ማታ ማታ የምግብ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጣቶቿን ትሰዳለች፣ ቀኝ እግሯ ወለሉን ጠብ ጠብ ያደርጋል። ድምፅ የለም። እሷ ግን የምትሰማው ነገር አለ፣ ፊቷ ላይ ይታያል።

ወደ ከፍተኛው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚያስገባው ፈተና ደረሰ። ዘንድሮ ካልገባች በቃ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዋ ያልፋል። የሚፈተኑት እዚያው አዳራሽ፣ እዚያችው ፒያኖ ላይ ነው፤ የክፍሎቹ ፒያኖዎች ጥርሳቸው የረገፈ ነው። የመረጠችው ደግሞ ቀስ የሚል፣ እንደ ሹክሹክታ ያለ ዜማ ነው፤ ፔዳሉ ሳይረገጥ አንድ ትንፋሽ አያልፍም። እዚያ ፀጥታ መሀል ሲጢጥ ሲል አስቡት።

"ሂድና ቆዳህን መልስ" አልኩት። "የገዛ ልጅህ ናት።"

"ይጠሩኛል፣ እማማ። ከፈተና በፊት ሁሌም ይጠሩኛል። ሳይጠራ የመጣ ሐኪም ያስጠረጥራል።"

ክብሩ! ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ የጠሩት የፈተናው ዕለት ጠዋት ነው። እሱ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እያደረገ፣ "እማማ፣ እግርዎን ያውሱኝ" አለ።

አዳራሹ ወለሉ በሰም ተወልውሎ ይሸታል። ለፈታኞቹ ጠረጴዛ፣ ወንበሮች፣ የውሃ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። እሱ ሥር ገባ፣ አዲሷን ቆዳ አስገባ፣ ማንጠልጠያውን ሳይነካ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐቀኛ ሥራ ሊሠራ ነው።

"ይርገጡ፣ እማማ።"

ሲጢጥ።

"ይልቀቁ። ይርገጡ።"

ሲጢጥ። ግን የድሮዋ ትንኝ አይደለችም። ይቺ ወፍራም ናት፣ እንጨት ከእንጨት ሲታሽ የሚያወጣው ዓይነት።

"ይቺ የኔ አይደለችም" አለ ከሥር። ሰማችሁት? የራሱን በድምፅ ለይቶ ያውቃታል!

ፍለጋው ተጀመረ። ዘንጉን ከማንሻው ለየና ፔዳሉን ብቻውን አስረገጠኝ፤ ፀጥ። እንግዲያው ፔዳሉ አይደለም። ማንሻውን በእጁ ገፋው፤ ፀጥ። ወጥቶ ክዳኑን ከፈተ፣ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ማፈኛዎቹን አነሳቸው፤ ፀጥ። እያንዳንዱ ለብቻው እንደ መልአክ ነው። ሁሉንም መልሶ አገናኘና አስረገጠኝ፤ ሲጢጥ። ተንበርክኮ ፔዳሉን በራሱ እጅ ተጫነው፤ ፀጥ! ቀና ብሎ አየኝ።

"ጫማዎ ነው፣ እማማ።"

"ጫማዬ?" ደሜ ፈላ። አወለቅኩትና ጎኑ ወረወርኩለት። በባዶ እግሬ ረገጥኩ፤ ሲጢጥ። "አሁን ደግሞ ተረከዜን ቅባት ቀባኝ!"

"በርጩማው ይሆናል።"

በርጩማውን ገፍቼ፣ ፒያኖውን ተደግፌ፣ ቆሜ ረገጥኩለት። ሲጢጥ። "እጅ ቀላል ነው፤ እግር ይከብዳል" አለ፣ ለራሱ። መዳፉን ማንጠልጠያው ከፒያኖው ሆድ የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ለጠፈው። "ቀስ ብለው ይርገጡ።"

ረገጥኩ።

"ተንቀሳቀሰ" አለ።

ካቻቢቴውን አስገብቶ አንዱን ብሎን አዞረ። ዞረ፣ ዞረ፣ አልጠበቀም። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም። ቀዳዳዎቹ ሰፍተዋል፤ የላመ እንጨት እንደ ዱቄት ፊቱ ላይ ረገፈ። ዘንጉ ተገናኝቶ ሰው በረገጠ ቁጥር ማንጠልጠያው ወረድ እያለ ከሆዱ ጋር ይታሻል።

"ማነው እንዲህ ያሰፋው?" አልኩ። ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

ዕድሜ ልኩን ሲፈታ ሲገጥም፣ ሲፈታ ሲገጥም፣ ለታይታ! የተዋትን ሲጢጥታ ያውቃታል፣ የፈጠራትን ግን አያውቃትም ነበር። እዚያው ሥር እንደ ተዘረጋ ቀረ፣ ዱቄቱን ከቅንድቡ እንኳ ሳይጠርግ።

"ተነስና ጠግነው!"

"ቀዳዳው በጠንካራ እንጨት ይሞላል፣ ኮላ ይገባል፣ እስኪደርቅ ይታደራል፣ እማማ። ለዛሬ አይደርስም።" ድምፁ የሰው አልመስል አለኝ። የክብሪት እንጨት በቀዳዳዎቹ ጠቀጠቀና ብሎኖቹን አጠበቀ። ረገጥኩ፤ ዝም አለ። ደስ ሊለን ሲል፣ ጥቂት ደጋግሜ ስረግጥ ተመልሶ ሲጢጥ።

በሩ ተከፈተ። ዳይሬክተሯ ከፊት፣ ፈታኞቹ ከኋላ፣ የልጅ ልጄ ከሁሉ ኋላ፣ በተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ። እናቷም ከክሊኒክ ፈቃድ ጠይቃ መጥታለች። የፒያኖ ተፈታኝ የዚያን ዕለት ልጅቷ ብቻ ነበረች።

"ዶክተር፣ አለቀልን?" አለች ዳይሬክተሯ።

"አንዲት ትንሽ ድምፅ ቀርታለች" አለ፣ እየተነሳ።

ከፈታኞቹ አንዱ፣ መነጽራም ሽማግሌ፣ ፊቱ ጨፈገገ። "መሣሪያው ካልተስተካከለ ፈተናው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ደንቡ ይሄ ነው።"

ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። ዳይሬክተሯ ወደ እሱ ዞረች። "ባለፈው ሰሞን ጠግነውት አልነበረም እንዴ? ምን ሆነ?"

አፉን ሲከፍት አየሁት። ያቺ ቃል ምላሱ ላይ ነበረች፣ አውቃታለሁ። "የአየሩ ር..." ብሎ ጀመረ። ርጥበት ቢል እሱ ይተርፋል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ይጠሩታል፣ ሰፈሩም ዶክተር ይለዋል። ልጅቷ ግን ወደ እሱ አልነበረም የምታየው። ፒያኖውን እያየች ቀኝ እግሯ ወለሉን ጠብ፣ ጠብ ያደርግ ነበር። ዓይኑ እዚያች እግር ላይ ወደቀ።

"ርጥበት አይደለም" አለ። "እኔ ነኝ። ሳያስፈልግ ስፈታውና ስገጥመው ቀዳዳውን አሰፋሁት። መልሳችሁ እንድትጠሩኝ ሁልጊዜ ትንሽ ድምፅ ሳልጨርስ እተው ነበር። ፒያኖው ምንም አልሆነም፣ መያዣው ነው የላላው። ከሥር ገብቼ አጥብቄ እይዘዋለሁ። ልጄን ፈትኗት።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዳይሬክተሯ ፊቷ ተለዋወጠ። "እኔ እኮ ዶክተር እያልኩ ነበር የምጠራዎት" አለች፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልጨመረችለትም። መነጽራሙ ከላይ እስከ ታች አየው። "ከያዘው ይያዘው። አንዲት ሲጢጥታ ከሰማሁ ግን እዚያው ላይ አቆማለሁ።"

ገባ። በጀርባው ተንጋሎ፣ በሁለት እጁ ማንጠልጠያውን ወደ ላይ ገፍቶ ከፒያኖው ሆድ ጋር አጣበቀው። ከውጭ የቀሩት እግሮቹ ናቸው፣ ፈታኞቹ አፍንጫ ሥር። የጫማውን ሶል አየሁት፤ አንዲት ወፍራም ቆዳ ተለጥፋበታለች። ለፒያኖው ከተገዛው ቆዳ ቆርጦ! ይሄም ሰው ተብሎ።

ልጅቷ ተቀመጠች። እግሯን ፔዳሉ ላይ ስታሳርፍ ከአባቷ ፊት አንድ ጋት አይርቅም። ጀመረች።

ዜማው እንዴት እንደነበር አትጠይቁኝ፤ እኔ የማየው እጁን ነበር። እግሯ ሲወርድ ክንዱ ይወጠራል፣ እግሯ ሲነሳ ክንዱ ይረግባል። ሲወርድ፣ ይወጠራል። መጀመሪያ ደህና ነበር። ከመሀል ሲደርስ ክንዶቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ያን ዜማ ያወጣውን ሰው ረገምኩት፣ ምናለ ቢያሳጥረው! ሲያጎርሰኝ እንኳ አመስግኜው የማላውቀውን ሰው፣ "ያዝ፣ አንተ ከንቱ፣ ያዝ! አምላኬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጨርስ!" እያልኩ በልቤ ለመንኩለት። ልጄ ጣቶቼን ጨምቃ ልትሰብራቸው ደረሰች። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወርዶ ወለሉ ላይ ጠብ አለ። የመጨረሻዋ ድምፅ ረዘመች፣ ረዘመች፣ ቀጠነች፣ ጠፋች። እግሯ ቀስ ብሎ ተነሳ።

ሲጢጥ አላለም።

መነጽራሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "ይበቃል፣ ልጄ" አለ፣ በደህና አፍ። እሱ ግን መውጣት አቃተው፤ ክንዱ እንደ ተወጠረ ደርቆ ቀረ። እኔና ልጄ እግርና እግሩን ይዘን ጎትተን አወጣነው፣ እንደ ጆንያ።

ልጅቷ አለፈች። እሱ ያን በር ዳግመኛ አልረገጠም። ሌላ ጠጋኝ ተጠርቶ ቀዳዳዎቹን ሞልቶ፣ አሳድሮ፣ በማግስቱ አጥብቆ ሄደ፤ ለነገ የተወው ነገር የለም። ወሬውም እንደምታውቁት ነው፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ፣ ሰፈር ደረሰ። አንዳንዱ ዛሬም "ዶክተር" ይለዋል፣ ግን ሳቅ እያለ። ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ካየሁት ቆይቻለሁ። ይበለው ብያለሁ፣ አሁንም ይበለው እላለሁ።

ልጅቷ ለጊዜው ዘጋችው። ገበታ ላይ ሳህን ታቀብለዋለች እንጂ ቃል የለም። ከዚያ አንድ ቀን እራት ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች።

"አባዬ፣ ያን ቀን ከሁሉም ሰው ቅርብ የነበርከው አንተ ነህ። እንዴት ነበር የተጫወትኩት?"

ጉርሻው አፉ ውስጥ ቆመ። አሁን ይዋሻል አልኩ። "ግሩም ነበር" ብሎ መገላገል እኮ ይችላል፤ መዋሸት እንደሆን ያውቅበታል።

"አልሰማሁትም" አለ። "ሲጢጥታዋን ስጠብቅ አለቀ።"

ልጄ ፊቷን አዞረች። አባት ከዜማው ሥር ተኝቶ፣ በሁለት እጁ ተሸክሞት፣ አንዲቷን እንኳ አልሰማም።

ልጅቷ ጥቂት አየችው። ከዚያ ሳህኑን ከፊቷ ገፋ አደረገችና ጣቶቿን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳረፈች። እግሯ ከጠረጴዛው ሥር ጠብ አለ። ከመጀመሪያው ጀመረችለት። እሱም ጉርሻውን እንደምንም ውጦ፣ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን እንጨቱ ላይ አደረገ።

እኔ ሳህኖቹን ላነሳ ብዬ ተውኩት። ምን እንደሰማ እንጃለት። እስክትጨርስ ድረስ ግን አልተነሳም።